ፈረስ በቃል ሲመዘን

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዳንዱ ልክ ላይሆን ይችላል። ዓርብ ነበር ስላችሁ ሐሙስ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ዝናብ ነበር ስላችሁ ጉም ብቻ የነበረ ይሆናል። የሽማግሌ ትዝታ እንደ አሮጌ ጆንያ ነው፤ እህሉን ይዞ ዱቄቱን ያፈሳል። በዚያ ላይ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። በሬን ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምነካ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከገባሁ በኋላ «ይሄ ወደ ዳንግላ ነው አይደል?» ብዬ ሾፌሩንም፣ ረዳቱንም፣ አጠገቤ የተቀመጠውንም በየተራ የምጠይቅ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ብሎክቼይን ክፍያ ልጻፍ ብሎ ሲነሳ «ምን ነካው?» ብትሉ አልቀየምም። ቤተሰቦቼም ብለዋል።

ሰው ከሚያባክነው ነገር ሁሉ ቃልን የሚያህል የለም። ውሃ እንቆጥባለን፣ ጨው እንቆጥባለን፣ የስልክ ካርድ እንቆጥባለን፤ ቃል ግን ከጉሮሮ ስለሚወጣና ጉሮሮም የራሳችን ስለሆነ በነጻ ይመስለናል። «ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንተርተው ግን ሌላው ሲያበዛ ነው። በእኛ በኩል አንድ ሰው ጎረቤቱን መዶሻ ሊዋስ ቢሄድ፣ ስለ ጎረቤቱ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ድንቹና ስለ ዝናቡ ጠይቆ ሲጨርስ ሚስማሩን የት እንዳስቀመጠ ይረሳል። ደብዳቤ ብንጽፍ ሰላምታው ገጹን ሞልቶ ጉዳዩ ኅዳጉ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። እንዲህ ከሚጽፉት ውስጥ አንደኛው እኔ ነኝ።

በጥርባ አካባቢ በምትገኘው መንደራችን የፈረሰኞች ማኅበር አለን። ትንሽ ማኅበር ናት፤ ሃያ አራት ፈረስ ብቻ ነው ያላት። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ፈረስ ሲወለድ እጽፋለሁ፣ ሲሸጥ እጽፋለሁ፣ ሲሞትም እጽፋለሁ። ጉዳዩ የተነሳው ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን ፈረሱን ዳንግላ ለጋሪ አከራይቶ ሲመልሱለት ሌላ ፈረስ ሆኖ በመመለሱ ነው። ቀለሙ ያው ነው፣ ጥርሱ ግን ሌላ ነው። ያኛው ወገን «ይሄው ነው የወሰድነው» ብሎ ማለ፤ የእኛ ሰውዬ «የራሴን ፈረስ ልሳት?» ብሎ ማለ። በእጁ የነበረው ወረቀት «አንድ ቀይ ፈረስ» ይላል። ዳንግላ ውስጥ አንድ ቀይ ፈረስ ፈልጉ ብትባሉ እስከ ማታ መቶ ታመጣላችሁ። ነገሩ በእርቅ አለቀ፤ እርቅ ማለት ደግሞ ሁለቱም የተከፉበት ስምምነት ነው።

ይህን ጊዜ ነው ትርንጎ የመጣችው። ትርንጎ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ ቆሰበር፣ ማለቴ እናንተ እንጅባራ በምትሉት ከተማ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። አባባ ነው የምትለኝ። የጻፉት የማይፋቅበት፣ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ የሚያነበው፣ ቀኑም ከነሰዓቱ የሚታተምበት፣ ብሎክቼይን የሚሉት መዝገብ አለ አለችኝ። ሃያ አራቱንም ፈረስ እዚያ ላይ እናስፍር፤ አንተ ጽፈህ ስጠኝ አላለችም፤ «እርስዎ ይጻፉልኝ፣ እኔ አስገባለሁ» አለችኝ። ለክፍያው ከጓደኞቿ ጋር አንድ ውድድር ላይ ተካፍላ የተሰጣት ትንሽ ዲጂታል ገንዘብ ነበራት፤ ስልኳ ውስጥ ያለ ቦርሳ ነው የምትለው። እሱ ይበቃናል አለች።

እኔም እንደ ልማዴ ስለ ክፍያው ጠየቅኋት። አንድ ጊዜ አይደለም። ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ ጠየቅኋት። እሷም ሦስቱንም ቅዳሜ ሳትሰለች ነገረችኝ፤ እዚህ የምጽፈው ከሦስቱ የተረፈኝን ነው።

ዋናው መዝገብ፣ እሷ መሠረቱ የምትለው፣ የዓለም ሰው ሁሉ የሚጽፍበት ነው። ቦታው ግን ጠባብ ነው። ጠባብ ቦታ ብዙ ሰው ሲሻማበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። አንዷን መስመር በቀጥታ እዚያ ላይ ለማስፈር የአንድ ጠቦት ዋጋ የሚጠየቅበት ቀን አለ አሉ። ስለዚህ ከመሠረቱ በላይ ሁለተኛ ደርብ ሠሩ።

«አባባ፣ ከመንደር ቆሰበር ጉዳይ ሲኖራችሁ ሁላችሁም ትሄዳላችሁ?» አለችኝ።

አንሄድም። እግሩ የቀና አንድ ሰው እንልካለን። የአንዱን ማመልከቻ፣ የሌላውን የተሰበረ ጃንጥላ፣ የሌላዋን ግማሽ ጆንያ ድንች ይዞ ይሄዳል። መሳፈሪያውን እንደየሸክማችን እናዋጣለን፤ ድንች የላከች ወረቀት ከላከው ትበልጣለች። ለመልእክተኛውም ለድካሙ ትንሽ ጣል እናደርግለታለን።

ሁለተኛው ደርብ ያ መልእክተኛ ነው አለችኝ። የብዙ ሺህ ሰውን ጉዳይ ይሰበስባል፣ አጣጥፎ አንድ ላይ ያስራል፣ ወደ መሠረቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሄዳል፣ የመንገዱን ዋጋ ለሁሉም ያካፍላል። ስለዚህ ክፍያው ሁለት ነው፤ አንደኛው የመልእክተኛው የራሱ ድካም ነው፣ እሱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሁለተኛው ወደ መሠረቱ የሚያደርሰው መሳፈሪያ ነው፤ እሱ በክብደት ነው። መሠረቱ ዘንድ ገበያ የደራ ቀን ያው ሸክማችሁ ሳይጨምር መሳፈሪያው ይጨምራል። ገበያው ሲበተን ይወርዳል።

ይህን ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አንድም ቀን አይቶኝ የማያውቅ የሩቅ ሰው፣ ቻይና ይሁን ብራዚል፣ የእኔን ፈረስና የራሱን ጉዳይ አንድ ጆንያ ውስጥ አስሮ መሳፈሪያ ሲያዋጣልኝ! ሳንተዋወቅ ተረዳድተን! ደግሞም ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል። ይህን ያህል ነው፣ ትስማማለህ ወይስ ትተወዋለህ ብሎ ይጠይቃል። ቆሰበር ባጃጅ ላይ ውጡና ሞክሩት፤ ዋጋው የሚነገራችሁ ስትወርዱ ነው። ዘመድም አያውቅም፤ የባለሥልጣን ፈረስና የአንዲት መበለት ፈረስ ጽሑፋቸው እኩል ቢረዝም እኩል ይከፍላሉ። እንዲህ ያለ ቢሮ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው።

አንድ ጉድለት ብቻ አገኘሁበት። ዱቤ አያውቅም።

እንግዲህ ጽሑፉን ጀመርኩ። ክብደት ስትለኝ ሰምቻለሁ፤ ግን እኔ ክብደት ስባል የሚታየኝ ድንች ነው እንጂ ቃል አይደለም። ለማይፋቅ መዝገብ ደግሞ የማያሳፍር ጽሑፍ ይገባዋል ብዬ ተጨነቅሁ። እያንዳንዱን ፈረስ በስመ ሥላሴ ጀመርኩት። አባቱን፣ እናቱን፣ አያቱን ጻፍኩ። ግልቢያውን ከነፋስ፣ አንገቱን ከቀስተ ደመና አወዳደርኩ። የባለቤቱን ትውልድ እስከ አራት ቤት ቆጠርኩ። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ይህንን የጻፍኩት የማኅበሩ ጸሐፊ ፈንቴ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ያለ ነቀፋ ያገለገልኩ፣ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን የማልመሰክር» እያልኩ ሃያ አራት ጊዜ ፈረምኩ። እጄ ዛለ። ደብተሩን ለትርንጎ ስሰጣት ግልብጥ ግልብጥ አድርጋ አየችውና ዝም አለች። ያን ዝምታ አድናቆት ነው ብዬ ወሰድኩት።

አድናቆት አልነበረም። ልጅቷ በአእምሮዋ ሒሳብ እየሠራች ነበር። ቦርሳው ይበቃል ያለችው ለአንድ ፈረስ አንድ መስመር ብላ ነው። በዚያ ላይ የእኛ ፊደል እዚያ ሚዛን ላይ ከፈረንጅ ፊደል ሦስት እጥፍ ይመዝናል፤ እሷ ባይት በምትለው መለኪያ እነሱ አንድ ሲሆኑ እኛ ሦስት ነን። ታዲያ ለምን አትነግረኝም? አሳምረን ያሳደግናት ልጅ ናታ! የሽማግሌ ቃል አይቆረጥም ብለን ነው ያስተማርናት። ስለዚህ አልቆረጠችም። «በስመ ሥላሴ»ን ሃያ ሦስት ጊዜ፣ ነፋሱን ሃያ ሦስት ጊዜ፣ ያለ ነቀፋ ማገልገሌን ሃያ ሦስት ጊዜ አንድ ፊደል ሳታጎድል ጻፈች፤ ገንዘቡ ሲያልቅ እያየች ላከች። ሌላ አገር ቢሆን ልጅቷ ገና ከመጀመሪያው ፈረስ «ሽማግሌው፣ ያሳጥሩት» ትላለች፤ እኛ ጋ ግን አክብሮታችን ቦርሳዋን ጨረሰው።

ሃያ አራተኛው የየሺ ፈረስ ነበር።

የሺ የጓደኛዬ የበላይ ሚስት ናት። በላይ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። በደብተራችን ልማድ አባል ሲሞት ገጹ ወደ መጨረሻ ይዞራል፤ ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ የበላይ ዳማ ፈረስ መጨረሻ ሆነ። የሺ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ያስፈለጋት ሰው ናት። ደሴ የሚባል የዳንግላ ባለጋሪ ፈረሱን በኪራይ ሊወስድላት ተስማምቷል፤ ቅዳሜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ካልሆነ ሌላ ፈረስ አይቷል። እሷ መሬቷ ትንሽ ናት፤ ያ ኪራይ ነው የዓመት ኑሮዋ። ግን የጎረቤቷ ፈረስ ተለውጦ ሲመጣ በዓይኗ አይታለች። መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ልጓሙን ለማንም አልሰጥም ብላ ምላለች። የሺ ከማለች ማለች ነው።

ዓርብ ጠዋት ትርንጎ ደወለችልኝ። ድምጿ ትንሽ ነበር። ቦርሳው ውስጥ የቀረው አንድ ፈረስ አያስገባም አለችኝ። ጆሮዬን ተጠራጥሬ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከዚያ ወደ የሺ ቤት ሄድኩ፤ በመንገድ ላይ የምናገረውን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያውን ሳልጨርስ ገባትና በአዊኛ ተናገረችኝ። የሺ ስትቆጣ አዊኛ ነው የሚቀናት። እኔም አዊኛ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አልተረጉመውም።

ሁለታችንም ቆሰበር ሄድን። የሺ መቀነቷን ፈትታ ብር አወጣች፤ ማኅበሩም ያዋጣል አልኩ። ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። ያን ገንዘብ በብር መግዛት በአገራችን አልተፈቀደም፣ እኔም ከሕግ አልወጣም አለች። የፈረሱን ፎቶ ብቻ ብንልክስ? አለች የሺ። ፎቶማ ቤት ነቅሎ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው አለቻት። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ፈረሱን ማቅለል።

ትርንጎ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከላይ የእኔ ጽሑፍ፣ ከታች የሚጠየቀው ዋጋ። ቃል ስትቀንሱ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እንዲህ ያለ ሚዛን ምነው በልጅነቴ ባገኘሁት! ቁረጪ አልኳት። እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ አለች።

መጀመሪያ «በስመ ሥላሴ»ን። እሱን በአፌ አልኩት፤ በአፍ የተባለ አይመዘንም፣ ሰሚውም መዝገብ አያሻውም። ቀጥሎ አያቱ ሄደ። እናቱ ባልጩት ሄደች፤ ደግ ባዝራ ነበረች። ነፋሱም ሄደ፣ ቀስተ ደመናውም ሄደ። ቁጥሩ ወረደ፤ ገና ግን ከቦርሳው በላይ ነው። ትርንጎ እንጠብቅ፣ መሠረቱ ዘንድ ግርግር ስላለ ነው፣ ሲረጋጋ ይቀንሳል አለች። ጠበቅን። እኔ ቁጥሩን እንደ ታማሚ ትኩሳት በየደቂቃው እጠይቃለሁ። ቀነሰ፤ ደስ አለን። ቀጥሎ ከነበረበት በላይ ወጣ። አንድ የማናውቀው ሰው በማናውቀው አገር አንድ የማናውቀውን ነገር ሊገዛ ይሻማል፣ እዚህ የየሺ ዓመት ይናወጣል።

ተሲያት ሆነ። የቀረው ጽሑፍ የፈረሱ ቀለም፣ የግንባሩ ነጭ፣ የጆሮው ስንጥቅ፣ የበላይ ስም፣ የየሺ ስም፣ ከዚያም የእኔ ፊርማ ነው። ትርንጎ ስክሪኑ ታች ላይ ዓይኗን ተከለች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ መልሳ አቀረቀረች። የሺ፣ ትርንጎ የምታየው የባሏን ስም መሰላት።

«ሙት ይከብዳል እንዴ፣ አያ ፈንቴ?» አለችኝ። አልጮኸችም። በአማርኛ ነበር የተናገረችው፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «በቁሙ ያልከበደ ሰው ነው። ሞቶ ነው የሚከብደው?»

ያን ጊዜ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ፈረሱ አንድ መስመር አልሞላም። የበላይ ስም ሦስት ፊደል ነው። ከታች ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ፣ ያለ ነቀፋ፣ ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን... ሁለት ሙሉ መስመር። ከፈረሱ እኔ እከብዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ባዝራ ሳስወርድ፣ ነፋስ ሳስወርድ የዋልኩት እኔ ፈረሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

ቢሆንም አንድ ስጋት ነበረኝ፤ ስጋት መቼ አጥቼ አውቃለሁ። «ያለ ጸሐፊ ስም ማን ያምነዋል?» አልኳት ትርንጎን።

ልጅቷ ጠረጴዛውን እያየች መለሰችልኝ። «የማኅበሩ ማኅተም ስንልከው በራሱ ያርፍበታል፣ አባባ። ከመጀመሪያውም ያርፍ ነበር። የእርስዎ ስም... ትርፍ ነው።»

«ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም።»

ሃያ ሦስት ጊዜ! መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቁረጪው አልኳት። ቆረጠችው። ቁጥሩ ከቦርሳው በታች ገባ፤ የተረፈን በጣም ጥቂት ነው፣ የጥፍር ያህል። ትርንጎ «ላክ» የሚለውን ቶሎ ነካችው። ወዲያው ተቀብያለሁ የሚል መልስ መጣ። የእኛ መልእክተኛ ቢሆን ይህን የሚለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ጃንጥላውን ሚኒባስ ውስጥ ረስቶ። እኔ በርግጥ መሠረቱ ዘንድ ደርሷል ወይ ብዬ እስኪመሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ደርሷል አለችኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ።

ቅዳሜ ደሴ መጣ። የሺ ልጓሙን ሰጠችው። ዳማውም ሄደ።

ከዚያ ብዙ ወሬ አልሰማሁም። ኪራዩ በየሳምንቱ ይደርሳታል ይሉ ነበር፤ ትርንጎም መሠረቱ ለእንዲህ ያሉ የመልእክተኛ ጥቅሎች ብቻ የተለየ በር ከፍቶ መሳፈሪያው እጅግ ወረደ ብላኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ነፋስ ብቻ ሳይሆን አውሎ ነፋስም ቢሆን ይቻል ነበር አለች። ትቀልድብኛለች አሁን፤ አክብሮቱ ትንሽ ላላ ብሏል፣ ለሁላችንም ጥሩ ነው።

ከዚያ አንድ ሐሙስ የሺ ከዳንግላ ደወለችልኝ። አንድ ሰውዬ ጋሪ ተራው ላይ ዳማውን ይዞ «ይሄ በኅዳር የጠፋው የወንድሜ ፈረስ ነው» ብሎ ሰው ሰብስቧል። የሺ ተጠርታ ሄደች። የተራው ሽማግሌዎች መዝገቡን በስልክ አስከፈቱና ጮክ ብለው አነበቡት። ዳማ። ግንባሩ ነጭ። ግራ ጆሮው ስንጥቅ። የበላይ፣ አሁን የየሺ። አንብቦ ለመጨረስ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ጆሮውን ገልጠው አዩ። ከዚያ ቀኑን አዩ፤ ጥቅምት ይላል። ኅዳር የሚጠፋ ፈረስ ጥቅምት ላይ በሌላ ሰው ስም ምን ይሠራል? ሰውዬው ተመሳስሎብኝ ነው ብሎ ልጓሙን ለቀቀ።

«ማን ነው የጻፈው ብለው ጠየቁኝ» አለችኝ የሺ።

«ምን አልሻቸው?»

«አንድ ቃለ ቁጥብ ሽማግሌ አልኳቸው።»

በዕድሜዬ እንዲህ የተባልኩበት ሌላ ቀን የለም። ልመልስላት ንግግር ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ኔትወርኩ እንደ ልብ አይገኝም፤ እሷም አልደወለችም፣ እኔም አላገኘኋትም። ስለዚህ የማውቀው እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ነው፤ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ዳማው የየሺ ነበር፣ ጋሪውም ይሄድ ነበር።